ወረርሽኝ በከተማ ላይ በወረደ ጊዜ በነጋዴና በቤተ ሰብ ላይ ስለሚጸናው ግዴታ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህም በኋላ፤

በሽታ በአንድ ሰው ላይ ሲወርድ የሐኪም ጉዳይ ነው። በብዙ ሕዝብ ላይ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ግን የዳኛውም፥ የዓሊሙም፥ የነጋዴውም፥ የመቃብር ቆፋሪውም ጉዳይ ይሆናል። በደኅናው ዘመን አንድ ሰው ቢታመም ጎረቤቱ ይጠይቀዋል፤ ቢሞትም ዘመዱ አጥቦ ይከፍነዋል፤ ዕዳውና ሀብቱም በዝግታ ይቆጠራል። ወረርሽኝ የገባ እንደ ሆነ ግን ጠያቂው በሽታውን ይዞ ይመለሳል፤ ትናንት አጣቢ የነበረው ዛሬ ይታጠባል፤ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይቀበራሉ። እንግዲህ በደኅና ጊዜ መልካም የነበረው ልማድ ሁሉ በዚያን ጊዜ ይፈተናል። ይህም ትምህርት የተዘጋጀው ፈተናው ከመምጣቱ በፊት ሸሪዓው ምን እንዳዘዘ፥ የአገሩም ሕግ ምን እንደሚል፥ ከልማዳችንም የትኛው እንደሚጸናና የትኛው እንደሚቆይ ለማስረዳት ነው።

፩. በአራዳ የደረሰው መከራ

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአዲስ አበባ ላይ የወረደውን በሽታ አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው ሰየሙት። ይህ በሽታ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በመላው ዓለም የገደለው ሰው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው፤ በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደ ሞተ ተጽፏል። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም በዚሁ በሽታ በብርቱ ታመው ድነዋል። በሽታው ድኻውን ከጌታው፥ ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ አልለየም።

አራዳ በዚያ ዘመን የከተማይቱ የንግድ እምብርት ነበር። ፒያሳ የሚለው ስም ከጣሊያን ወረራ ጋር የመጣ ነውና ገና አልተሰማም፤ ታላቁም ገበያ ወደ መርካቶ ሳይዛወር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ከሐረር፥ ከጉራጌ፥ ከወሎ፥ ከየመንና ከህንድ የመጣ ነጋዴ በዚያ ይገናኛል፤ ጨው፥ ቡና፥ ቆዳና አቡጀዲ በዚያ ይለወጣል። ከጅቡቲ የተዘረጋው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና አንድ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። የንግድ መንገድ የሚያመጣው ሸቀጥን ብቻ አይደለም፤ ሰውንም፥ ከሰውም ጋር ደዌውን ያመጣል። ስለዚህ ነጋዴ የሆነ ሰው፥ በሽታ ከሌላው ሰው ቀድሞ ደጁን እንደሚያንኳኳ ማወቅ ይገባዋል።

የዚያ ዘመን ሰው የበሽታውን ምንጭ አላወቀም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በሊቃውንት ተለይቶ የታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ነውና። ሕዝቡ መቅሠፍቱ ከተበላሸ አየር የመጣ መሆኑን ስላመነ ጥራጊውን ሰብስቦ አቃጠለ፥ ሰፈሩንም በጢስ አጠነ። ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ቆሻሻ ማቃጠል የከተማይቱ ልማድ ሆኖ ቆየ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይታችሁ ተመልከቱ። ሰፈርን ማጽዳት መልካም ሥራ ነው፤ ንጽሕና የእምነት ክፍል መሆኑን ተምረናልና። ጢሱ ግን ደዌን አይከለክልም፤ እንዲያውም ሳምባውን ለታመመ ሰው ተጨማሪ ጉዳት ነው። ልማድ የሚመዘነው በዕድሜው ርዝመት ሳይሆን በጥቅሙና በጉዳቱ ነው።

፪. ሸሪዓው ስለ ወረርሽኝ የደነገገው

ነቢዩ (የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳንገባ፥ ባለንበትም አገር ከተነሣ ሸሽተን እንዳንወጣ አስተምረዋል። የታመመ ግመል ያለው ሰውም ጤነኞቹ ግመሎች ወዳሉበት እንዳያመጣ ከልክለዋል። ከነዚህ ሁለት ትምህርቶች የፊቅህ ሊቃውንት ያወጡት መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም በራስ ላይም ሆነ በሌላው ላይ ጉዳት ማድረስ አይፈቀድም ማለት ነው።

«በሽታ በራሱ አይተላለፍም ተብሎ የለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሊቃውንቱ እንዲህ ሲሉ አስረድተዋል፤ የጃሂሊያ ሰዎች በሽታ ያለ አላህ ፈቃድ በራሱ ኃይል የሚሠራ ይመስላቸው ነበርና የተሻረው ይህ እምነት ነው። ምክንያት መሆኑ ግን አልተሻረም። እሳት የሚያቃጥለው በአላህ ፈቃድ ነው፤ ሆኖም እጁን ወደ እሳት የሚሰድድ አማኝ የለም። የግራናዳው ሊቅ ኢብኑል ኸጢብ ታላቁ ቸነፈር አንዳሉስን በመታ ጊዜ የበሽታው መተላለፍ በዓይን የታየ ነገር መሆኑን ጽፏል። በልብስና በዕቃ ሲጋባ፥ ከሰው ተለይቶ የተቀመጠም ሲድን አስተውሎ ነበርና።

ሰይዲና ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ስፍራ ሳሉ ቸነፈር መግባቱን ሰሙ። ወዲያው አልወሰኑም፤ በመጀመሪያ ሙሃጂሮችን፥ ቀጥሎም አንሷሮችን ጠየቁ፤ ሁለቱም ወገኖች በአሳብ ተለያዩ። በኋላም የቁረይሽን ሽማግሌዎች ቢጠይቁ ሁሉም በአንድ ቃል «ይመለሱ» አሉ። አቡ ዑበይዳም ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ሰግተው ተቃወሙ። ዑመርም ከአንዱ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ እንደ ሆነ አስረዱ፤ ግመሉን ከደረቁ ሸለቆ ይልቅ በለመለመው የሚያሰማራ እረኛ በሁለቱም ቢሆን ከአላህ ውሳኔ እንደማይወጣ መሰሉላቸው። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ የነቢዩን ትምህርት ይዘው ደረሱ፤ ፍርዱም ጸና። አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ኢብን ጀበል በዚያው በዐምዋስ ቸነፈር በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ሞቱ። ከእነርሱም በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ ሕዝቡን ወደ ተራሮች በትነው አወጡ፤ በሽታውም ተወገደ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። መሪ ከመወሰኑ በፊት መማከር አለበት፤ ዐዋቂዎችም ሊለያዩ ይችላሉ፤ የተቃወመውም ሰው በእምነቱ አይታማም፤ ውሳኔ ከጸና በኋላ ግን ሁሉም ይታዘዛል።

ሁለተኛውን ምሳሌ ደግሞ ከካይሮ እንመልከት። ታላቁ ሊቅ ኢብን ሐጀር አልዐስቀላኒ ስለ ቸነፈር ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። ይህንም የጻፉት ከሩቅ ሆነው አይደለም፤ ሴቶች ልጆቻቸው በዚሁ በሽታ ሞተውባቸዋል። በ833 ዓመተ ሂጅራ ቸነፈር በካይሮ ሲነሣ በቀን የሚሞተው ሰው ከአርባ በታች ነበር። ሕዝቡም ሦስት ቀን ጾሞ ለዱዓ ወደ ሜዳ ወጥቶ በአንድነት ተሰበሰበ። ወሩ ሳያልቅ በቀን የሚሞተው ሰው ከሺሕ በላይ መሆኑን ጽፈዋል። ዱዓ ከመከራ ሁሉ የአማኝ መጠጊያ ነው፤ ነገር ግን የዱዓ በር በሜዳም በጓዳም ክፍት ነው። ኃጢአቱ በዱዓው አልነበረም፤ ጉዳቱ የመጣው በመሰብሰቡ ነው።

፫. የአገሩ ሕግ

በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 ወረርሽኝን በስሙ ጠርቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከሚታወጅባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጀውን አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፥ በሥራ ላይ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ማየት አለበት። ሃይማኖትን የመግለጥ ነጻነትም የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል አንቀጽ 27 ይናገራል። ሆኖም ሥልጣኑ ዳርቻ አለው። በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውና የሰዎችን እኩልነት የሚያጸናው አንቀጽ አይታገድም። ስለዚህ በሽተኛ መገለሉ ቅጣት አይደለም፤ እንደ ወንጀለኛም ሊዋረድ አይገባም።

ይህ ሕግ የተፈተነው በኮሮና ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ታወቀ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሚያዝያ 2 ቀንም በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። አዋጁ ለአምስት ወር የሚቆይ ነበር። በደንቡም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና በእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሕዝብ መካከል የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ሆነ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፥ ኪራይም እንዳይጨምር ታዘዘ። የተላለፈ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እሥራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጫ ይጠብቀው ነበር። ከዚህም ሌላ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 514 ተላላፊ በሽታን አውቆ የሚያስተላልፍን ሰው ይቀጣል።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 16 ቀን ረመዷን ሲገባ በአዲስ አበባ በፒያሳም ሆነ በመርካቶው ታላቁ አንዋር መስጊድ የለመድነው ጀማዓ አልነበረም። ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ፤ ዒዱም ያለ ታላቅ ስብሰባ አለፈ፤ ከውጭ አገርም ሐጃጅ ወደ መካ አልገባም። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ልቅሶውም የእምነት ምልክት ነበር። ነገር ግን መስጊድ መዘጋቱን የእምነት ድካም ያደረገ ሰው ተሳስቷል። በነቢዩ ዘመን ብርቱ ዝናብና ጭቃ በሆነ ጊዜ እንኳ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ በአዛን ይነገራቸው ነበር። ጭቃ የልብስ ችግር ነው፤ ወረርሽኝ የነፍስ አደጋ ነው። ለታናሹ ችግር የተፈቀደው ለታላቁ እንዴት አይፈቀድም?

፬. ነጋዴው ወንድሜ ሆይ

በወረርሽኝ ጊዜ የነጋዴ ሃይማኖት በሚዛኑ ላይ ይታያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሽታው በተሰማ ጊዜ የአፍ መሸፈኛ፥ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በአንድ ቀን ተወደደ፤ ሹሞችም የሱቅ በር አሸጉ። በሸሪዓው ሕዝብ የቸገረውን ዕቃ ዋጋው እንዲወጣ ደብቆ ማቆየት ኢሕቲካር ይባላል፤ ነቢዩም አጥብቀው አውግዘውታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ሸቀጥ መደበቅን ከልክሏል። «ነቢዩ በመዲና ዋጋ ከመተመን ተቆጥበዋል» ብለህ ብትከራከር፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ የዋጋ መውጣት ከዕቃ ማነስ የመጣ እንጂ ከነጋዴ ተንኮል የመጣ አልነበረም። ነጋዴዎች ሕዝቡን በችግሩ የያዙት እንደ ሆነ መሪው ዋጋ ሊተምን እንደሚችል ኢብን ተይሚያ አስረድተዋል።

ሳል ወይም ትኩሳት የያዘህ እንደ ሆነ ሱቅህን አትክፈት። ሠራተኛህም ከታመመ ደመወዙን ሳትቆርጥ ከቤቱ አስቀምጠው። ደመወዙን የሚፈራ ሠራተኛ በሽታውን ይደብቃልና፤ የደበቀውም በሽታ ለደንበኛህ፥ ከደንበኛህም ለልጆችህ ይደርሳል። የሚከፈልህን ብር የተቸገረ ተበዳሪ ካለህ እስኪመቸው ድረስ ታገሠው፤ ይህ የቁርኣን ትእዛዝ ነው።

ከሁሉም በላይ ዕዳህን ጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የወረደው ስለ ምን እንደ ሆነ ታውቃለህን? ስለ ሰላት ወይም ስለ ጦርነት አይደለም፤ ዕዳን በጽሑፍና በምስክር ስለማጽናት ነው። ንግዳችን ግን አብዛኛው በቃልና በመተማመን የቆመ ነው። መተማመን መልካም ነው፤ ሆኖም ሁለት የተማመኑ ሰዎች በአንድ ሳምንት የሞቱ እንደ ሆነ መተማመናቸው አብሯቸው ይቀበራል፤ ለልጆቻቸው የሚቀረው ጠብ ብቻ ነው።

የሟች ሀብት የሚከፈልበትን ሥርዓት በምሳሌ ተመልከት። አንድ ነጋዴ 910,000 ብር ትቶ ቢሞት በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፥ 10,000 ብር እንበል፥ ይወጣል። ቀጥሎ ዕዳው፥ 300,000 ብር ቢሆን፥ ይከፈላል። ከቀረው 600,000 ብር ላይ ኑዛዜው እስከ ሲሶው ማለት እስከ 200,000 ብር ይጸናል። የቀረው 400,000 ብር ለወራሾች እንደየድርሻቸው ይከፈላል። ነጋዴው ለሞት ባደረሰው ሕመም ላይ ሳለ ወራሹ ላልሆነ ወዳጁ 350,000 ብር ስጦታ ሰጥቶ ቢሆን፥ ወራሾቹ ካልፈቀዱ በቀር ከሲሶው በላይ ያለው አይጸናም። የሐንበሊ ሊቃውንት ከዚህም አልፈው፥ ቸነፈር በወረደበት ከተማ ያለ ሰው ጤነኛ ቢሆን እንኳ ስጦታው እንደ ታመመ ሰው ስጦታ በሲሶ እንዲወሰን ፈርደዋል። ድንጋጤ ያዛቸው ሰዎች ሀብታቸውን በችኮላ በትነው ወራሾቻቸውን ባዶ እንዳያስቀሩ ነው።

አባትና ልጅ በአንድ ቀን ሞተው ማን እንደ ቀደመ ባይታወቅስ? አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት አንዱ ከሌላው አይወርስም፤ የእያንዳንዱ ሀብት በሕይወት ላሉት ወራሾቹ ይሰጣል ይላሉ። የሐንበሊ መዝሀብ ግን ሌላ አስተያየት አለው። ስለዚህ ሞት የደረሰበትን ሰዓት መመዝገብ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 እንደሚለው፥ እንዲህ ያለው የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ነው። ቤተ ሰብህ በየት መዳኘት እንደሚሻ በሕይወት ሳለህ ተነጋገሩበት።

፭. ለቤተ ሰብ

ልማዳችን የተሠራው በመቀራረብ ነው። በአንድ ማዕድ እንበላለን፤ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና እንጠጣለን፤ ተሳስመን ሰላም እንባባላለን፤ በለቅሶ ጊዜም ቤቱን እንሞላለን። ይህ ልማድ የተወደደ ነው፤ የተወደደበትም ምክንያት የወንድሙን ጭንቀት ለማቅለል ስለ ሆነ ነው። እንግዲያውስ መቀራረቡ ራሱ ጭንቀትን የሚያመጣ ሲሆን፥ የልማዱ ፍሬ እንዲጠበቅ ቅርፊቱ ይለወጥ። በሽተኛን መጠየቅ የሙስሊም መብት ነው፤ ምግብ በደጅ አስቀምጦ መመለስ፥ መድኃኒት ገዝቶ መላክ፥ በስልክ ማጽናናት እርሱም መጠየቅ ነው። ዕድርተኛም በለቅሶ ቤት ከመታጎር ገንዘቡን ለሟች ልጆች ቢያደርስ የዕድሩን ዓላማ ፈጽሟል።

በቸነፈር የሞተ አማኝ የሰማዕት ምንዳ እንዳለው ነቢዩ አስተምረዋል። ሆኖም በጦር ሜዳ እንደ ወደቀ ሰማዕት አይደለም፤ ይታጠባል፥ ይከፈናል፥ ይሰገድበታል። አጣቢው ለሕይወቱ የሚያሰጋው እንደ ሆነ ግን ሊቃውንት ደረጃ በደረጃ አቅልለዋል፤ አካሉን ሳይነኩ ውሃ ማፍሰስ፥ ያም ካልተቻለ ተየሙም ማድረግ፥ እርሱም ካልተቻለ እንዲሁ ከፍኖ መስገድና መቅበር ይበቃል። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድምና ይህን ያደረገ ቤተ ሰብ ሟቹን በደልን ብሎ አይጸጸት።

ከቀብር የቀረ ዘመድም ተስፋ አይቁረጥ። ነቢዩ በመዲና ሳሉ የአገራችን ንጉሥ ነጃሺ ማረፋቸውን ለባልደረቦቻቸው ነገሩ፤ በሰልፍም አሰልፈው በሩቅ ሰገዱባቸው። የሻፊዒና የሐንበሊ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው በሌለ ሟች ላይ መስገድን ፈቅደዋል፤ የሐነፊና የማሊኪ ሊቃውንት ግን ይህ ለነጃሺ ብቻ የተደረገ ነው ይላሉ። ለሟች ዱዓና ሰደቃ ማድረግ ግን ከሩቅም ቢሆን በሁሉም ዘንድ የተፈቀደ ነው።

አንደበታችሁንም ጠብቁ። ያልተረጋገጠ መድኃኒት አታውሩ፤ በሽታውንም በአንድ ሕዝብ ላይ አትለጥፉ። በ1911 ዓ.ም. የመጣውን በሽታ ዓለም «የእስፓኝ በሽታ» ያለው ከእስፓኝ ስለ ተነሣ አልነበረም፤ እስፓኝ ከጦርነቱ ውጭ ስለ ነበረች ጋዜጦቿ ሳይደብቁ ስለ ጻፉት ነው። እውነቱን የተናገረው ስም ወጣለት። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በከተማችን መንገዶች የውጭ አገር ሰዎች ስለ በሽታው ተሰድበዋል። እንግዳን ማክበር ያስተማሩን አባቶች ልጆች ይህን ማድረግ አይገባንም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተቀበላቸው አገር ይህ ነውና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በኮሮና በአገራችን ከ7,500 በላይ ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 2023 አስቸኳይ አደጋነቱ ማብቃቱን አስታወቀ። ሰው ግን ቶሎ ይረሳል፤ በደኅናው ቀን ያልተጻፈ ዕዳ በመከራው ቀን አይጻፍም። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ብቻ አትጠፉት። ወረቀትና ብዕር አምጡ፤ ያለባችሁንና ያላችሁን ዕዳ፥ በእጃችሁ ያለውን የሰው አደራ፥ የልጆቻችሁን አሳዳጊ ስም ዛሬ ማታ ጻፉ፤ ሁለት ታማኝ ምስክሮችም ይስሙት።

አላህ ሆይ፤ ከተማችንን፥ ገበያችንንና ቤታችንን ከደዌ ጠብቅልን። በሽተኞቻችንን አሽርልን፤ ሙታኖቻችንን ማርልን፤ ለሐኪሞቻችንና ሙታንን አጥበው ለሚቀብሩት መልካም ምንዳ ስጥልን። አሚን።